ተኩስ ያስቆመው መንጋጋ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ከዋሸሁ ያኔ በራሳችን ላይ ያለፈው መድፍ ዞሮ ይምጣብኝ። ብዙ ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ። ላሠሪ ታምሜአለሁ ብያለሁ፤ ላከራይ ነገ ብያለሁ፤ አንድ ጊዜም ለአንድ የአሰበ ተፈሪ ሰው ሲሚንቶ ከባሕር ተጠምዶ እንደሚወጣ አስረድቼው አምኖኝ ሄዷል። ይህን ግን አልዋሽም። እውነቱ ራሱ የውሸት መልክ ስላለው ጭማሪ አያሻውም።

ጊዜው ሰማንያ ሰባት ኅዳር ነው። ሃርጌሳ ከፈረሰች ስድስት ዓመት ሆኗት፣ እኛ ደገኞቹ የፈረሰውን ልንገነባና ልንለስን ገብተን ነበር። ግማሹን ለስነን ሳንጨርስ ባውሮፕላን ማረፊያው ሰበብ ሁለት ወገን ተጣላና ከተማው ውስጥ እንደገና መታኮስ ጀመሩ። ልስኑ ሳይደርቅ ግድግዳው ሲበሳ ማየት ለለሳኝ ደስ አይልም። ሥራ አይጠፋም ብለን ተጽናናን። ያገሩ ሰው ግን አልተጽናናም፤ ፍራሹን እየጫነ ወጣ።

እኔ ታሪኩ እባላለሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርሁ በቤታችን የተማረው እኔ ነበርሁ። ቤታችን ዛሬ መሐመድ ሞጌ በሚሉት ሰፈር በኩል ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ አብሮኝ የሚኖረው ዘሩባቤል ነው። ዘሩባቤል ልስን ሲለስን ግድግዳው መስታወት ይመስላል። ከአፉ ግን ቃል አይወጣም፤ በቀን ከሚናገረው ግማሹ «ውሃ ጨምርበት» ነው።

ይህ ሰው በግራ መንጋጋው ላይ እብጠት ነበረው። ሲጀምር ሽምብራ ታክል ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ሎሚ አከለች። አታመውም። ወደ ሃርጌሳ ከመምጣታችን በፊት ድሬዳዋ ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም በጣቱ ዳብሶ፣ «ይህ ሲስት ይባላል፤ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ከሞተ ጥርስ ሥር የበቀለ ነው። አጥንትህን ከውስጥ እየበላው የእንቁላል ቅርፊት አድርጎታል። ቶሎ አስከፍተው፤ እስከዚያ ጥፊ እንዳይነካህ» አለው። ዘሩባቤል «እሺ» ብሎ ሃርጌሳ ገባ። ጥፊ የሌለበት አገር መስሎት ነው።

በዚያ ኅዳር እብጠቱ ተቆጣ። ቀላ፣ ጋለ፣ ትኩሳቱ ሰውየውን ሌሊት ከግድግዳ ጋር እስኪያነጋግረው ደረሰ። አፉ አልከፈት አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ የበዛበት አጥሚት በጥርሱ ክፍተት እያንጠባጠብሁ አቆየሁት። በአራተኛው ቀን እብጠቱ ወደ አንገቱ መውረድ ጀመረና ትንፋሹ ያፏጭ ገባ።

ከተማው ውስጥ የቀረው የጥርስ ሐኪም አንድ ብቻ ነው፤ ዶክተር ዱዓሌ። ቤቱ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ 31 ሜይ ሰፈር ነው። እሱም ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ጅግጅጋ እንደሚወጣ ሰማን። እሱ ካመለጠን ሌላው ሐኪም ድሬዳዋ ነው። የድሬዳዋ መንገድ ደግሞ ደኅና መንጋጋም ያወልቃል።

ዘሩባቤልን በውሃ ጋሪ ላይ አስቀመጥሁት። አህያዋን ጎረቤታችን ሲሸሽ «ሣር ስጧት» ብሎ ትቷት ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነሣን። ሦስት መንገድ እንኳ ሳናልፍ ኬላ ላይ ተያዝን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በዚያ አገር ወንድ ከቀትር በኋላ ጫቱን በአንድ ጉንጩ ይወትፋል፤ ጉንጩም ይነፋል። የጫት መኪና የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ በጠዋት የተነፋ ጉንጭ አይታይም። ያን ሰሞን ደግሞ በተኩሱ ምክንያት መኪናው ከመጣ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሁለት ቀን ጫት ባላዩ የታጠቁ ሰዎች ፊት በሦስት ሰዓት ጉንጭን ሞልቶ ማለፍ፣ በሁዳዴ ክትፎ ይዞ ቅዳሴ እንደ መግባት ነው።

የኬላው አለቃ ካሂን የሚባል ቀጭን ሰውዬ ነው። ዓይኑን ከዘሩባቤል ጉንጭ ላይ ሳይነቅል፣

«ሐበሻ፣ ጓደኛህ ከየት አገኘ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጉንጩ ውስጥ ያለውን።»

«እብጠት ነው።»

ካሂን ወደ ሁለቱ ባልደረቦቹ ዞረ። «እብጠት ነው ይላል።» አንደኛው ጉንጩን በዓይኑ መዘነና፣ «ለሦስት ሰው የሚበቃ እብጠት ነው» አለ።

«አፍህን ክፈት» አለው ካሂን።

ዘሩባቤል አልቻለም፤ ራሱን ነቀነቀ።

«አየህ፣ ሊያካፍል አይፈልግም» አለ ካሂን። ያዘነ መሰለ። «ወላሂ እኔ ስስታም ሰው አልወድም። በጥፊ አስተፋዋለሁ።» እጁንም አነሣ።

እኔ በዚያች ቅጽበት የታየኝ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነው። «አትንካው። ፈንጂ ነው» አልሁ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

በሌላ ከተማ ቢሆን ይሳቅብኛል። ሃርጌሳ ግን ፈንጂ ከጓዳ ይወጣ ነበር፤ ከጉድጓድ ይወጣ ነበር፤ ከደጃፍ ሥር ይወጣ ነበር። ፈንጂ የለም ብሎ የሚከራከር አልነበረም፤ ክርክሩ የት ነው የሚለው ላይ ነው። በተሰባበረ ሶማልኛዬ ቀጠልሁ። ግድግዳ ስንለስን አንድ ነገር ፈነዳ፣ ያልፈነዳው ቁራጭ እዚህ ገባ፣ ዶክተር ዱዓሌ ሊያወጣው ይጠብቀናል አልኋቸው።

«መቼ ገባ?» አለ ካሂን፣ እጁን ቀስ አድርጎ እያወረደ።

«ሦስት ዓመት ሆነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አልፈነዳም?»

«ሰውየው ዝምተኛ ነው።»

ካሂን ዘሩባቤልን አየው። ዘሩባቤልም ዝም ብሎ አየው። ምስክርነቱ በቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ሰው የማያምነኝ። ካሂን እናልፋለን ብለን ስንጠብቅ፣ ብቻችሁን አትሄዱም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ አጃቢ መንገድ ላይ አይለቀቅም። ከፊታችን ሠላሳ እርምጃ ቀድሞ ጠመንጃውን በአግድም ከፍ አድርጎ እየሄደ ይናገር ጀመር። «ቀስ በሉ። አትተኩሱ። የሰውየው መንጋጋ ውስጥ ፈንጂ አለ።» በዚህ ወገን ያሉት መተኮስ አቆሙ። ከወንዙ ማዶ ያሉት የዚህኛው ወገን ዝምታ አጠራጠራቸውና «ምን ሆናችሁ?» ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። እነሱም አቆሙ። አንዱ ከፍርስራሽ ጀርባ «ስንት ኪሎ ነው?» ሲል ሰምቻለሁ።

ደረቁን ወንዝ ስንሻገር የጋሪው ጎማ ሲንጫጫ ብቻ ነው የሚሰማ። አርባ ደቂቃ። ሰዓት ስላልነበረኝ በአህያዋ እርምጃ ቆጥሬ ነው።

ወሬው ግን ከእኛ ይፈጥናል። ከኬላው ስንነሣ ቁራጭ ነበር፤ ወንዙ ላይ የመድፍ ጥይት ሆነ፤ 31 ሜይ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ከአጥር ላይ ሆነው «የታንክ ፈንጂ የዋጠው ሰው መጣ» ሲሉ ሰማሁ። እኔም ደነገጥሁ። ከጋሪው ትንሽ ራቅ ብዬ መሄድ ጀመርሁ።

የዶክተር ዱዓሌ የብረት በር ተቆልፏል። በግንቡ ላይ አሻግሬ ሳይ የተጫነ አይሱዙ ቆሟል፤ ከላዩ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ላይ ድስት። በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ ድምፅ።

«በሽተኛ ይዤ ነው ዶክተር።»

«ፈንጂውን?»

ቀድሞ ደርሶለታል። ከኋላው የሴት ድምፅ በሶማልኛ በጓሮ እንውጣ፣ አሁኑኑ እንውጣ ይላል። ሚስቱ ኻዲጃ ናት።

ዶክተር ዱዓሌ ጅግጅጋ አጠገብ ሐርታ ሼክ መጠለያ በስደት በኖረበት ጊዜ አማርኛ ለምዷል። ካሂን ደግሞ አማርኛ አይሰማም። ስለዚህ አፌን በሩ ስንጥቅ ላይ አድርጌ እውነቱን በአማርኛ ነገርሁት። «ፈንጂ የለም ዶክተር። ኬላ ላይ በጥፊ ሊመቱት ሲሉ የፈጠርሁት ነው። መንጋጋው ሲስት ነው። ተቆጥቶበታል፤ መተንፈስ እያቃተው ነው።»

የዶክተሩ ድምፅ ወደ ስንጥቁ ቀረበ። «ማለት ውሸታም ነህ።»

«አዎ።»

«ታዲያ አሁን የምትነግረኝን ለምን አምናለሁ?»

ስድስተኛ ክፍል ላይ ይህን አላስተማሩንም።

«ምን ይላል?» አለኝ ካሂን ከኋላዬ።

«የፈንጂውን ዓይነት ይጠይቃል።»

ዶክተሩ እንደገና ተናገረ። «ስማ። ሰዎቼ መኪናው ላይ ናቸው። አራት ልጆች አሉኝ። ጣትህን እብጠቱ ላይ ጫን አድርገው። ምን ይላል?»

ጫን አደረግሁት። ዘሩባቤል ዓይኑን ጨፈነ። «ቀጭ ቀጭ ይላል። እንደ እንቁላል ቅርፊት።»

«ከላዩ ያለው ጥርስ ጠቁሯል?»

«እንደ ከሰል።»

«ሲስት ይመስላል» አለ ዶክተሩ ለራሱ። ኻዲጃ በሶማልኛ አንድ ነገር አለችው። ወደ እኔ ተመልሶ፣ «ባለቤቴ ፈንጂም ቀጭ ቀጭ ሊል ይችላል ትላለች» አለኝ። ፍርሃቷን አልናቀም፤ ወንድሟ በፈንጂ ነው የሞተው።

ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው። ዘሩባቤል ሲተነፍስ ፉጨቱ ከጋሪው አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። የአይሱዙው ሞተር ተነሣ።

«ዶክተር» አልሁ፣ «ጥለውን ከሄዱ ይሞታል።»

ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ቆየ። ከዚያ በበሩ ሥር አንድ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ተገፍቶ ወጣ። ወፍራም መርፌ ያለው ሲሪንጅ ነው።

«ከድዱ ጎን ከንፈሩን ገለጥ አድርገህ፣ በጣም ያበጠበት ቦታ ላይ ውጋና ሳብ። የገለባ ቀለም ያለው ፈሳሽ ከወጣ፣ ውስጡም ካብለጨለጨ ሲስት ነው፤ በሩን እከፍታለሁ። ምንም ካልወጣ እሄዳለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እሄዳለሁ።»

«እኔ? እኔ ለሳኝ ነኝ።»

«ግድግዳ ስትወጋ አልነበር?»

ካሂን ሲሪንጁን ሲያይ ሃያ እርምጃ አፈገፈገና ከመብራት ምሰሶ ጀርባ ቆመ። ዘሩባቤል ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። በተዘጋ ጥርሱ መሐል፣ «ቶሎ በል» አለኝ።

ከንፈሩን በአውራ ጣቴ ገለጥሁ። በስመ አብ አልሁና ወጋሁ። አጥንት ይቃወመኛል ብዬ ነበር፤ መርፌው በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ እንደሚገባ ሰተት ብሎ ገባ። ሳብሁ። ሲሪንጁ ጠጅ የመሰለ ፈሳሽ ሞላ፤ ውስጡ የዓሣ ቅርፊት ተፈጭቶ የተበተነበት ይመስል ያብለጨልጫል። ዘሩባቤል በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

ሲሪንጁን በስንጥቁ ፊት ወደ ፀሐይ አነሣሁት። የዶክተሩ ዓይን መጣች።

«የሚያብለጨልጨው ስብ ነው፤ ኮሌስትሮል» አለ። ቀጥሎ በሶማልኛ ወደ ኋላው፣ «ኻዲጃ፣ ፈንጂ ኮሌስትሮል የለውም።» ቁልፉ ተሽከረከረ።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የሕክምና አልጋው ተጭኖ ስለነበር ዘሩባቤልን በባዶ ክፍል በር ላይ አስተኙት፤ በሩን ነቅለው ማለቴ ነው። ዶክተሩ ማደንዘዣ ወጋው። አፉ እስኪላላ ጠበቀና የጠቆረውን ጥርስ በጉጠት ነቀለው። ከዚያ የከረጢቱን ግድግዳ በስለት ቀዶ መስኮት አወጣለት። ብዙ ፈሳሽ ወጣ፤ መግልም አለበት። እኔ ስለ መስኮት ስለማውቅ፣ «ጉበኑን ማለስለስ አይረሱ» አልሁት። ዶክተሩ ሳይመልስልኝ የቀደደውን ጠርዝ ከድዱ ጋር እየሰፋ ያለሰልስ ጀመር።

ካሂን ፈንጂው ሳይወጣ አልሄድም ብሎ ተከትሎን ገብቶ አጠገባችን ቆሞ ነበር። የተነቀለውን ጥርስ አየ፤ ሳህኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ፈንጂው የት አለ?» አለ።

ያን ጊዜ ልክ እንደ ዘሩባቤል መንጋጋዬ አልከፈት አለ።

ያዳነኝ ዶክተሩ ነው። አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ የክፍሉ መስኮት ላይ ነበር፤ ኻዲጃ ቦታ የለም ብላ ያስቀረችው። ከፈሳሹ አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጎ ካሂንን «እይ» አለው። ካሂን አየ። ቀጥሎ እኔም አየሁ። ማዕዘናቸው የተቆረሰ ስስ መስታወቶች አሉ፤ በመሐላቸው እንደ ጤፍ የተበተነ ክብ ክብ ነገር አለ።

«መስታወቶቹ ኮሌስትሮሉ ናቸው፤ ክቦቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው» አለ ዶክተሩ፣ እየሰፋ። «የሰውየው የራሱ ጠባቂዎች። ጥርሱ ሲሞት ጀርም ገብቶ ውስጡ ተቀመጠ። ጠባቂዎቹ ሊወጉት መጡ። የሞተ ጥርስ ግን ደም ሥር የለውም፣ ስለዚህ መግቢያ አጡ። ሥሩ ጫፍ ላይ ኬላ ጥለው ሰፈሩ።»

ካሂን ቀና አለ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ መተኮሱን አይተውም። ተጨማሪ ኃይል ላኩልን እያሉ ይጣራሉ፤ ይላክላቸዋል። ሥጋው ይቆጣል። ጥሪያቸውን የሰሙ አጥንት የሚበሉ ሴሎች ደግሞ ተነሥተው አጥንቱን ይበላሉ። ከረጢቱም በዚያው ሁከት መሐል ያድጋል።»

«አጥንቱን የበላው ጀርሙ አይደለም?»

«ጀርሙ የሠራው ትንሽ ነው።»

ካሂን ወደ ማይክሮስኮፑ እንደገና ጎንበስ አለ። «እነዚህን ጠባቂዎች ይህን ሁሉ ዓመት የሚቀልባቸው ማነው?»

«አጥንቱ።»

ካሂን ጠመንጃውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ አዛወረ። «አሁን ጥርሱን ነቅለሃል። ምን ይሆናሉ?»

«የሚጠብቁት አይኖርም። አንዳንዶቹ እዚያው ይሞታሉ፣ ሌሎቹ ወደመጡበት ይበተናሉ። አጥንቱ በዓመት በሁለት ዓመት ይሞላል።»

«የሚበተኑት እሺ ብለው ነው?»

«አልጠየቅኋቸውም» አለ ዶክተሩና ክሩን በጠሰ።

ካሂን ከዚያ በኋላ ስለ ሴል አልጠየቀም። ወደ እኔ ዞሮ፣ ነገሩ እየገባው እንደሄደ ሰው ቀስ ብሎ፣ «ፈንጂ ካልነበረ፣ ጫቱን የት ጣላችሁት?» አለኝ።

ዶክተሩ ሳቀ። ለመንገድ የያዘው የትናንት ወዲያ ጫት፣ ግማሹ የደረቀ፣ ከአይሱዙው መቀመጫ ሥር ነበር። አምጥቶ ግማሹን ሰጠው። ካሂን ቅጠሉን አሽትቶ፣ «ዕዳህ ተሠርዟል፣ ሐበሻ። ግን በዚያ ኬላ ዳግም እንዳላይህ» አለና ሄደ። ወንዙ ጋ ሳይደርስ ተኩሱ ጀመረ። ወሬው መሻሩን ሰምተው ይሆናል።

ዶክተር ዱዓሌ የቀረውን ፋሻና አንድ ብልቃጥ መድኃኒት እጄ ላይ አደረገ። «መስኮቱ እንዳይዘጋ። በየሦስት ቀኑ ፋሻውን ታወጣለህ፣ በጨው ውሃ ታጥባለህ፣ አዲስ ትወትፋለህ። ከተዘጋ እንደገና ይቋጥራል፤ ያን ጊዜ እኔ የለሁም።» ቀጥሎ ዘሩባቤልን፣ «ይህን ሰውዬ ታምነዋለህ?» አለው። ዘሩባቤል ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ ስለነበር ምን እንዳለ አልተሰማም። መኪናው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ግማሽ ሰዓት በእኛ ምክንያት ዘገዩ፤ ኻዲጃ ከላይ ሆና እያየችን ሳትሰናበተን ሄደች። ሊፈረድባት አይችልም።

እኛ ባዶው ቤት ውስጥ ስድስት ሳምንት ተቀመጥን። በየሦስት ቀኑ ፋሻ ለወጥሁ። አንድም ቀን አልሳትሁም፤ በሕይወቴ በሰዓቱ የሠራሁት ሥራ ይህ ብቻ ነው። እስከ ጥምቀት ሎሚዋ ሽምብራ ሆነች። በዓመቱ ድሬዳዋ ያ ሐኪም ዳብሶ «አጥንት» አለ። ዘሩባቤል አሁን በሁለቱም ወገን ያኝካል፤ ቆሎ ሲያኝክ ጎረቤት ይነቃል።

እውነት እንዲህ ናት። ተኩሱ ቆሟል፤ አርባ ደቂቃውም አርባ ነው፤ ካሂንም ካሂን ነው። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ መርፌውን የወጋሁት እኔ አይደለሁም። ከንፈሩን ገልጬ በስመ አብ እስከማለት ደርሻለሁ። ከዚያ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመርና መርፌው ጥርሱን እየመታ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። ዘሩባቤል ጥቂት ታገሠኝ። ኋላ ሲሪንጁን ከእጄ ወሰደና ልስን እንደሚያይ ሰው በአውራ ጣቱ ቦታውን ዳብሶ ራሱ ወጋው፤ ራሱ ሳበው። እኔ የያዝሁለት ከንፈሩን ነው።